የጣርማ በሩ ጠርሙስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ፣ ደጋው በድንገት አልቆ ምድሪቱ ከእግሩ ሥር እንደ ተቈረጠች ያያል። ስፍራው ጣርማ በር ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ጉሙ አንዳንድ ጊዜ በቀትርም ቢሆን መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ነፋሱም ጋቢ ያስደርባል። ኢጣልያኖች አገራችንን ወርረው በነበሩበት ዘመን ተራራውን ወግተው ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ አበጅተውበታልና፣ መኪናው በአንዱ አፍ ከደጋ ገብቶ በሌላው አፍ ወደ ቆላ ይወጣል ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንብንም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። የሸዋ ሮቢት ከፍታ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ መንገደኛው ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ 1,800 ሜትር ያህል ቍልቍል ወርዶ፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት አገር ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ወደሚበቅልበት አገር ይደርሳል ማለት ነው። ጋቢውንም አጣጥፎ ይይዛል፤ ውኃ ይጠማዋል።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ዐሥር ዓመት የሞላውን ልጃችንን ይዘን በዚሁ መንገድ ወርደን ነበር። የወረድነውም ለሽርሽር አልነበረም፤ በሸዋ ሮቢት የሚኖሩት እናታችን ራሳቸውን አዙሯቸው ወድቀዋል የሚል ወሬ ስለ ደረሰን ነው። በልባችን ሐሳብ ስለ ነበረብን ብዙ አንነጋገርም ነበር። ልጁ ግን ልጅ ነውና፣ መኪናው በጣርማ በር ጥቂት በቆመ ጊዜ ከምኒልክ መስኮት አጠገብ ሣር የሚነጩትን ጭላዶች ሲያይ ቈይቶ፣ የያዘውን ውኃ እስከ መጨረሻው ጠጥቶ፣ ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ከመቀመጫው ሥር ጣለው።

ስንወርድ በመጀመሪያ ጆሮው ተደፈነ፤ ምራቁን ሲውጥ ጧ ብሎ ተከፈተለት። ሸዋ ሮቢት ደርሰን ዕቃ ስናወርድ ግን ጠርሙሱን አንሥቶ ጮኸ። ጠርሙሱ አንድ የማይታይ እጅ እንደ ጨበጠው ሁሉ ጎኑና ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጨማድዶ ነበር።

«አባባ፤ ማን ነው የጨመደደው?»

ከመንገደኞቹ አንዱ «ሙቀት ነው» አለ። ሌላው «ሰው ረግጦት ይሆናል» አለ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ስቀው አማተቡና «የቆላ ነገር!» ብለው ሄዱ። እኛም ለጊዜው መልስ ሳንሰጥ ቀረን፤ የታመመ ሰው ልንጠይቅ ነበርና የመጣነው። ጠርሙሱን ግን ልጁ አልጣለውም።

መልሱ እንዲህ ነው። ዐይናችን ባያየውም አየር ክብደት አለው። እኛ ሁላችን ከሰማይ በታች የምንኖረው እንደ ባሕር ዓሣ ከትልቅ የአየር ባሕር ሥር ነው። በተራራ ራስ ላይ ለሚቆም ሰው ከበላዩ ያለው አየር ጥቂት ነው፤ በቆላ ለሚቆመው ግን የበዛ ነው፤ ስለዚህ የሚጫነው ግፊት ይበረታል። ልጁ በጣርማ በር ጠርሙሱን በዘጋ ጊዜ ሳያውቀው የጣርማ በርን አየር ውስጡ አሰረ። ወደ ቆላ ሲወርድ የውጭው አየር ግፊቱ እየጨመረ ሄደ፤ የውስጡ ግን እንዳለ ነው። እንግዲህ የበረታው የደከመውን ጨመደደው። በሒሳብ ሲታይ የጣርማ በር አየር በሸዋ ሮቢት ግፊት ሲጫን ስፋቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ የቆላው ሙቀት ጥቂት መልሶ ባይነፋው ኖሮ። የጆሮው መደፈንም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ከታምቡሩ በስተኋላ የታሰረው የደጋ አየር ነበር፣ ምራቅ ሲዋጥ መውጫና መግቢያ አገኘ። ሕዝባችን እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ በልማድ «ሃይላንድ» ይለዋል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ደጋማ አገር ማለት መሆኑን ስናስብ፣ ደጋ ወደ ቆላ ወርዶ ተጨማደደ ማለታችን ነውና፣ ለብቻችን ሳቅን።

ይህንን ነገር መጀመሪያ በመለኪያ ያረጋገጡት ፈረንሳውያን ናቸው። ብሌዝ ፓስካል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1648 የእኅቱን ባል ፍሎሬን ፔሪዬን ፒዩይ ደ ዶም በሚባል ተራራ ላይ እንዲወጣ ለመነው። ፔሪዬም መስከረም 19 ቀን ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የሚባለውን ፈሳሽ ብረት በመስተዋት ቱቦ ይዞ ወጣ። ተመሳሳዩን ሁለተኛ ቱቦ ግን ከተራራው ግርጌ ባለ ገዳም የአትክልት ስፍራ ትቶ፣ አንድ መነኵሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቁት አደረገ። በተራራው ራስ ላይ አንድ ጊዜ በትንሿ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ አንድ ጊዜ በደጅ፣ አንድ ጊዜ በነፋስ፣ አንድ ጊዜ በጉም ውስጥ እያደረገ ደጋግሞ ለካ። ባዜቃው በእያንዳንዱ ጊዜ ከግርጌው ይልቅ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሲወርድ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። የመነኵሴው ቱቦ ግን ከጧት እስከ ማታ አልተነቃነቀም።

እኛ ከዚህ ታሪክ ከፓስካል ይልቅ የምንወደው መነኵሴውን ነው። ተራራ የወጣው ሰው ዝናን አገኘ፤ እርሳቸው ግን ምንም የማይሆን ነገር ተቀምጠው ሲጠብቁ ዋሉ። ነገር ግን የታችኛው ቱቦ አለመነቃነቁን የሚመሰክር ባይኖር ኖሮ፣ የላይኛው መውረድ ከቁም ነገር ባልተቈጠረም ነበር፤ «የዕለቱ አየር ተለውጦ ይሆናል» የሚል አይጠፋምና። ያው ቱቦ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ባዜቃው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይል ነበር።

የቤት እመቤቶች ደግሞ ይህን ነገር ቱቦ ሳይዙ በድስታቸው ያውቁታል። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ሲል በባሕር ዳርቻ ላለ ሰው መናገሩ ነው። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በጣርማ በር ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ፣ በሸዋ ሮቢት በ96 ገደማ ይፈላል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል ደግሞ 100ን ጥቂት ያልፋል። ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመርበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እንግዲህ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የምትቀቅል የደጋ ሴት ባቄላው አልበስል ቢላት፣ ጥፋቱ የማገዶው አይደለም፤ የሚፈላው ውኃ ራሱ ከቆላው የቀዘቀዘ ነው። ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ክዳኑን ማጥበቅ ይረዳታል። ዛሬ የሚያፏጨው ድስት የሚሠራውም እንፋሎቱን አምቆ ግፊቱን ከፍ በማድረግ ነው፤ ይህንን ድስት መጀመሪያ ያበጀው ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1679 ነበር።

በሌላ ነገር ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 በደቡብ አሜሪካ የአንዴስን ተራሮች ሲያቋርጥ ከመንገድ መሪዎቹ ጋር ድንች ጥደው አደሩ። ድስቱ ሌሊቱን በእሳት ላይ ቈይቶ ጧትም እንደ ገና ፈላ፤ ድንቹ ግን አልበሰለም። መንገድ መሪዎቹ በጉዳዩ ተማክረው የደረሱበት ፍርድ፣ ድስቱ አዲስና ርጉም ስለ ሆነ ድንች መቀቀል አልወደደም የሚል ነበር። ዳርዊን ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ ድንቹ ግን ለእርሱም አልበሰለለትም።

ወደ እናታችን ነገር እንመለስ። ቤት ስንገባ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ፊታቸው ጠቍሯል፤ ንግግራቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ስለ መውደቃቸው ስንጠይቃቸው ነገሩን አቃልለው፣ ልጁ የያዘውን ጠርሙስ አይተው ሳቁ። የደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ክኒናቸውንም በየጧቱ ይወስዱ ነበር። «ክኒኑስ?» ብንላቸው ዝም አሉ። ኋላ ግን ጎረቤት የምትኖር ልጅ በእጅ ስልኳ የመጣላትን መልእክት እንዳነበበችላቸው ነገሩን። መልእክቱ «አስደናቂ የሳይንስ ግኝት» ይላል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በሙቅ ውኃ በጥብጦ ለ21 ቀን የጠጣ ሰው ከግፊት ለዘላለሙ እንደሚፈወስ፣ ይህንንም «የጃፓን ሊቃውንት» እንዳረጋገጡት፣ ክኒን ሻጮችም እንዳይታወቅ እንደ ደበቁት ይናገራል። በመጨረሻም «ለሃያ ሰው ያስተላልፉ» ይላል።

የሊቃውንቱ አገር ተጽፏል፤ ስማቸው የለም። የቀኑ ቍጥር ተጽፏል፤ ስንት ሰው ጠጥቶ ስንቱ እንደ ተፈወሰ የለም። እናታችን ግን ሞኝ ሆነው አልነበረም የተታለሉት። «ልጄ፤ ከጠጣሁ ወዲህ ራሴን አላመመኝም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከፍ ያለ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም አያሰማም፤ በዝምታ ልብን፣ ኵላሊትንና የአንጎልን ደም ሥር እየጎዳ ይኖራል። ስለዚህ ክኒኑን የተወ ሰው ለብዙ ቀን ደኅና እንደ ሆነ ይሰማዋል፤ ደኅንነቱንም ለጠጣው ነገር ይቈጥርለታል። ራሳቸውን ያዞራቸው ከዚህ የተነሣ ይሁን አይሁን ፍርዱን ለሐኪም እንተዋለን።

በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። የጤና ባለሙያዋ ክንዳቸውን በጨርቁ ጠቅልላ ነፋችና ስታዳምጥ ቈይታ «190 በ110» አለች። ልጁም ቀና ብሎ «190 ምን?» ሲል ጠየቀ። እርሷም ፈገግ ብላ «ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ» አለችው።

ይህ የሕፃን ጥያቄ ከዚያ በፊት አስበነው የማናውቀውን ነገር አሳሰበን። የደም ግፊት የሚለካበት ቍጥር ያው ፔሪዬ ወደ ተራራ ይዞት የወጣው የባዜቃ ዐምድ ነው። 190 ማለት ልብ ደሙን ስትገፋ የደሙ ኀይል 190 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለውን ባዜቃ ሊሸከም ይችላል ማለት ነው። በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1896 ያበጀው ኢጣልያዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ሲሆን፣ በማዳመጫ እየሰሙ ሁለቱን ቍጥሮች መለየትን ደግሞ በ1905 ያስተማረው ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ መለኪያው ባዜቃ የለበትም፤ መርፌ ወይም ኤሌክትሪክ ነው፤ ቍጥሩ ግን አሁንም በባዜቃ ቋንቋ ይነገራል።

ልጁም ጠርሙሱን አውጥቶ ለአያቱ ያስረዳቸው ጀመር። «እማማ፤ ይኸውልዎት፤ የውጭው ሲበረታ ውስጡን ይጨመድደዋል፤ በእርስዎ ደግሞ የውስጡ በርትቶ ደም ሥሩን እየገፋው ነው።» ነገሩ ለሐኪሞች የሚበቃ አይደለም፤ እናታችን ግን ጠርሙሱን በእጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አገላበጡት።

በማታው የንስሓ አባታችን ሊጠይቋቸው መጡ። እኛ እንነግራቸዋለን ብለን ስናስብ እናታችን ራሳቸው ነገሩን ሁሉ ዘርዝረው ነገሯቸው። ቄሱም አልተቈጡም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን እንደሚያስተምር አስታወሷቸው፤ ጠበሉንም ክኒኑንም እንዲወስዱ፣ አንዱ የሌላው ጠላት እንዳልሆነ መከሯቸው። ቀጥለውም «ያ መልእክት ለሃያ ሰው አስተላልፉ ይላል አሉኝ፤ ለስንቱ አስተላለፉ?» ብለው ጠየቁ። እናታችን ለአራት ጎረቤቶቻቸው ነግረው ነበር። ከአራቱ አንዲቱ ግፊት አለባት። በማግሥቱ ጧት ምርኩዛቸውን ይዘው ራሳቸው ወደ እርሷ ቤት ሄዱ።

እኛ ነጭ ሽንኩርትን አንነቅፍም፤ ያለ እርሱ ወጥ ምን ይጣፍጣል! በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ላይ በተዛመተ ጊዜም ይኸው ነጭ ሽንኩርት ፈውስ ነው ተብሎ በየአገሩ ስለ ተወራ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ ምግብ መሆኑን ሳይክድ ከበሽታው ስለ መከላከሉ ግን ማስረጃ እንደሌለ ለማስታወቅ ተገድዶ ነበር።

አስደናቂ ወሬ ሁሉ ሐሰት ነው ለማለትም አይደለም። በቤታችን ልጆቹ ከእራት በኋላ በስልክ ያገኙትን ልዩ ልዩ ነገር ሲያነቡልን እንሰማለን፤ እንወደዋለንም። ኦክቶፐስ የሚባለው የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አለው ይላሉ፤ እውነት ነው። ቬነስ በተባለችው ፈለክ ላይ አንዱ ዓመት 225 የእኛ ቀን ሲሆን፣ ፈለኳ በራሷ ዙሪያ አንድ ጊዜ ለመዞር 243 ቀን ይፈጅባታል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በየካቲት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. የምድር ስበት ልዩ በመሆኑ መጥረጊያ ያለ ድጋፍ ይቆማል የሚል ወሬ የአሜሪካን የጠፈር ድርጅት የናሳን ስም ይዞ ዓለምን ዞረ። ስንቱ ሰው መጥረጊያውን አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣ! መጥረጊያው በእርግጥ ቆሟል። ናሳም በማግሥቱ መጥረጊያው ያንዕለትም እንደሚቆም በማሳየት፣ ነገሩ የዕለቱ ሳይሆን ሰፊና ጠጣር እግር ያለው የመጥረጊያው ባሕርይ መሆኑን ገለጠ። የእኛ የሣር መጥረጊያ ግን በየትኛውም ዕለት አይቆምም፤ ስለዚህ የአገራችን ባልቴቶች ከዚህ ስሕተት ድነዋል።

የቀድሞ ሰዎችም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1 ቀን 1957 የእንግሊዝ ቢቢሲ በስዊስ አገር ገበሬዎች ፓስታን ከዛፍ ላይ ሲለቅሙ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን አቀረበ። ዕለቱ በእነርሱ ዘንድ የቀልድ ቀን ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ፓስታን ብዙ አያውቁትም ነበርና፣ ዛፉን እንዴት እንደሚተክሉት የሚጠይቁ ሰዎች ስልክ ደወሉ። መልሱም አንዱን የፓስታ ዘንግ በቲማቲም ስልስ ቆርቆሮ ውስጥ ተክለው ተስፋ ያድርጉ የሚል ነበር።

ሦስት ልብ ያለው እንስሳ ከሚቆም መጥረጊያ ይልቅ ለማመን ያስቸግራል። እንግዲህ የነገሩ እንግዳነት ብቻ እውነቱን ከሐሰቱ አይለይልንም። ለእኛ የጠቀመን፣ ማን፣ የት፣ በምን ለክቶ አየው ብሎ መጠየቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል የጣርማ በርን ጭላዶች እንውሰድ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አይገኝም፤ የውጭ ሊቃውንት የሚጠሩበት «ጌላዳ» የሚለው ስምም ከእኛው ቋንቋ የሄደ ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር እርሱ ብቻ ነው፤ ተቀምጦ በጣቶቹ እየነጨ፣ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይግጣል፤ ማታ ከገደሉ አፋፍ ላይ ወርዶ ያድራል። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው መንዝ ጓሳ ይደርሳል። ይህ ስፍራ የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዐት ሣሩን በየተወሰነ ጊዜ ብቻ እያስጨዱ የጠበቁት ነው። በዚያ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በአንድ መስክ ይውላሉ። ቀበሮው ግልገል ጭላዳ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳ አይነካም፤ የሚያድነው አይጥ ነው። ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67ቱ ሲሳካለት፣ ለብቻው ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 ብቻ መሆኑን ቈጥረው አሳይተዋል። ተመልካቹ ስም አለው፤ ስፍራው ይታወቃል፤ ቍጥሩም አለ። የመንዝ እረኛም ይህን አይቶ «እውነት ነው» ወይም «አይደለም» ለማለት ይችላል።

ይህንን ለእናታችን ስናጫውታቸው ደስ አላቸው። እርሳቸውም በተራቸው የራሳቸውን አወጡልን። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከካራ ቆሬ ብዙ በማይርቅ መንደር ትንሽ ልጅ ሳሉ ምድር ተንቀጠቀጠች። እንስራው ከግድግዳው እየተላጋ ተሰበረ፤ ሰው ሁሉ «እግዚኦ» እያለ ወደ ሜዳ ወጣ፤ ለብዙ ሌሊትም ቤት ውስጥ የሚያድር አልነበረም። እኛ ልጆች ሆነን ይህንን ሲያወሩ ስንሰማ የሕፃንነት ትዝታ ያጋነነው ይመስለን ነበር። አሁን ግን ተጽፎ የምናገኘው እንዲህ ይላል። ትልቁ መንቀጥቀጥ ግንቦት 24 ቀን ሆነ፤ ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ ወደ አስመራ የሚሄደው መንገድ ተሰነጠቀ። አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው የምድር ጥናት ጣቢያ ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ኀላፊው ካናዳዊው አባ ፒዬር ጉዌን መንቀጥቀጡን በመሣሪያ መዝግበው፣ ኋላም በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስለ ሆነው የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፋቸው በሰፊው ተረኩት። አንዲት ልጅ በሜዳ ላይ ስታለቅስ ያየችውንና በአዲስ አበባ መርፌው የጻፈውን ዛሬ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

ምክንያቱም የጣርማ በር ገደል ራሱ ነው። ያ ገደል የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ ከእርሱ በስተ ምሥራቅ ያለው ምድር በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየሆነ ይርቃል። አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። አንዳንድ ጊዜ ግን በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ እንደ ሆነው ሁሉ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ላይ ምድር በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ይለያያል። እናታችን ይህን ሰምተው «እንግዲህ እኔና እናንተ በየዓመቱ እየተራራቅን ነው በለኛ!» አሉ። እኛ የምንኖረው በደጋው በኩል ነውና፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆንም ነገሩ እውነት ሳይሆን አልቀረም።

ዐሥራ ሁለት ቀን ቈይተን ተመለስን። እናታችን ክኒናቸውን እንደ ገና ጀምረው ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ሲለካ 164 በ98 ሆኖ ነበርና ገና ነው። ልጁም ከሸዋ ሮቢት ስንነሣ ሌላ ባዶ ጠርሙስ ዘግቶ ያዘ። ከደብረ ሲና በላይ ስንወጣ ጎኑን በጣቱ እየመታ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። ዋሻውን አልፈን በወዲያኛው በኩል ስንቆም ጠርሙሱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ዝናብ ያካፋ ነበር። በዚያ ጠርዝ ላይ የሚወርድ ዝናብ ወደ ኋላ ያለው በጀማ አድርጎ ዓባይ ገብቶ ሜድትራንያን ባሕር ይደርሳል፤ ወደ ፊት ያለው ግን በሮቢ አድርጎ አዋሽ ይገባና ከአቤ ሐይቅ ቀርቶ ባሕርን አያይም። ይህንንም ለልጁ ልንነግረው ስንጀምር እርሱ ክዳኑን አላላው፤ የሸዋ ሮቢት አየር ፍስስ ብሎ ወጣ።

ያኔውኑ ለአያቱ ስልክ እንድንደውል ነዘነዘን። ነገሩን ሁሉ በጩኸት ነገራቸው፤ ነፋሱ ስላስቸገረ ሁለት ጊዜ ደገመው። እርሳቸውም አዳምጠው ሲያበቁ «ለነገሩ እኔም ዛሬ ተለክቻለሁ» አሉና ቍጥራቸውን ነገሩት፤ 152 በ94። ልጁም ከጉልበቱ ላይ ባለው ደብተር ከጠርሙሱ ሥዕል በታች ጻፈው።